ድንኩን ጊምሊን ለምን ረጅሙ ተዋናይ ተጫወተው?

የቁስቋም ልጅ (ጠያቂ)፦
እዚህ ጎንደር በአንድ የቴአትር ክበብ የታቀፍን ወጣቶች አጭር የተረት ፊልም ለመሥራት እየተዘጋጀን ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ቁመቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ ሽማግሌ ነው። በዚህ ስንከራከር «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለው ተረታዊ ፊልም ተነሣና፣ ድንኩን ጊምሊን የተጫወተው ጆን ራይስ-ዴቪስ 1.85 ሜትር ያህል እንደሚረዝም አንድ ጓደኛችን ነገረን። ከዘጠኙ ተጓዦች በእውን ረጅሙ እርሱ ከሆነ፣ ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን አጭር ሰው መምረጥ ሲችሉ ለምን እንዲህ አደረጉ? ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ስለሚስተካከል ይሆን?

ከማራኪ፦
ኮምፒውተር ድርሻ ነበረው፤ ምርጫውን የሚያስረዳው ግን የቁመት ምጣኔ ነው። ከአራቱ ሆቢቶች (በታሪኩ ቁመተ አጭር ፍጡራን ናቸው) አንዱን፣ ፍሮዶን፣ የተጫወተው ኤላይጃ ዉድ 1.68 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ሆቢቶችም ከእርሱ ብዙም አይርቁም። በታሪኩ ድንክ ከሆቢት ጥቂት ይበልጣል፣ ከሰው ግን በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ራይስ-ዴቪስ ከአራቱ ጎን ሲቆም ተገቢው ልዩነት ያለ ምንም ዘዴ ይገኛል፤ ከሰዎቹ ጋር ሲታዩ ደግሞ አምስቱንም በአንድ መጠን ማሳነስ ይቻላል። አጭር ተዋናይ ቢመረጥ ኖሮ ጊምሊና ሆቢቶቹ አብረው በሚታዩበት ትዕይንት ሁሉ ሌላ ዘዴ ይፈለግ ነበር። ከሩቅ ወይም ከጀርባ በሚታዩበት ጊዜ ደግሞ ቁመተ አጭር ምትክ ተዋንያን ይተኳቸው ነበር።

ፎቶ አንሺው፦
በፋሲል ግቢ ሙሽራው ግንቡን በመዳፉ የያዘ የሚያስመስል ፎቶ አይታችሁ ከሆነ የዘዴው ግማሽ በእጃችሁ ነው፤ ለካሜራ የቀረበው ይገዝፋል፣ የራቀው ያንሳል። ረጅሙ ጠንቋይ ጋንዳልፍና ፍሮዶ በጋሪ ሲሄዱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ወንበሩ ግን ፍሮዶ ወደ ኋላ ርቆ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሆቢቱ ቤትም በሁለት የተለያየ መጠን ተሠርቷል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ካሜራው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ያደረጉት ነው፤ ካሜራው ቦታውን ከቀየረ ማታለሉ ስለሚጋለጥ፣ ተዋናዩ የተቀመጠበትን መድረክ ከካሜራው ጋር አገናኝተው አብሮ እንዲንሸራተት አደረጉት።

ስትሞክሩት ሁለት ነገር አስቡ። ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ እንዲታይ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ግድ ይላል፤ ያም ብዙ ብርሃን ስለሚጠይቅ ከቤት ውስጥ ይልቅ በጠራራ ፀሐይ ብትቀርጹ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ተዋንያኑ እርስ በርስ ከተያዩ ዓይናቸው ይስታል፤ ሩቅ ያለው ሰው ባልደረባው በምስሉ ላይ የሚታይበትን አቅጣጫ፣ ማለትም ባዶ ቦታ እያየ መናገር አለበት። ይህ ልምምድ ይፈልጋል።

የአዘዞ ተመልካች፦
በ2012 እ.ኤ.አ. መውጣት በጀመሩት «ዘ ሆቢት» ፊልሞች ይህ መንገድ አልሠራም፤ በሦስት አውታር (3D) ሲቀረጽ ካሜራው ርቀትን ራሱ ስለሚያሳይ የራቀው ሰው መራቁ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ጋንዳልፍን የተጫወቱት ኢያን ማኬለን ከድንኮቹ ተለይተው፣ በአረንጓዴ መጋረጃ መካከል ብቻቸውን እንዲተውኑ ተደረገ፤ በዚህም አዝነው ማልቀሳቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ የጋሪውን ወንበር እመርጣለሁ።

የቁስቋም ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ለሽማግሌው ረጅሙን አባላችንን እንምረጥ ማለት ነው?

ከማራኪ፦
አይደለም። የጃክሰን ስሌት የሠራው ከድንኩ ጋር አራት ሆቢቶች ስለነበሩ ነው። የእናንተ ሽማግሌ ብቻውን አጭር ከሆነ የክበቡን አጭሩን ሰው ምረጡ፤ በርቀት የምታሳንሱት መጠን ስለሚቀንስ ፎከሱም ይቀላችኋል። ቀረጻው በፋሲል ግቢ ከሆነ ቦታው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ መድረክም ብትሠሩ ግድግዳውን የማይነካ ይሁን።