ለከባድ ወባ አርቴሱኔት ወይስ ኩዊኒን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አርቴሱኔትን ያስቀደመው ማስረጃ ምንድን ነው? 18 ኪሎ ለሚመዝን ልጅስ መጠኑ እንዴት ይሰላል?

መልስ 1፦ በአፍሪካ ለሕፃናት ወሳኙ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አክዋማት የተባለ ጥናት ነው። በ9 አገሮች 5,425 ከባድ ወባ የያዛቸው ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አርቴሱኔት ከወሰዱት 8.5 በመቶ፣ ኩዊኒን ከወሰዱት 10.9 በመቶ ሞቱ። በኩዊኒን ፈንታ በአርቴሱኔት 40 ያህል ልጆች በታከሙ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ሕይወት ተረፈ ማለት ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕጣ ያስፈለገው፣ ምርጫው ለሐኪም ቢተው ኖሮ በጣም የጠናባቸው ወደ አንዱ መድኃኒት ሊያዘነብሉ ይችሉ ስለነበር ነው። ሐኪሞቹ የሚሰጡትን ያውቁ ነበር፤ ሞት ግን በአስተያየት የሚለዋወጥ መለኪያ አይደለም።

መልስ 2፦ ከ20 ኪሎ በታች በኪሎ 3 ሚ.ግ፣ ከዚያ በላይ 2.4 ሚ.ግ ነው። ስለዚህ 18 × 3 = 54 ሚ.ግ። የ60 ሚ.ግ ብልቃጡን ዱቄት አብሮት በሚመጣው 1 ሚ.ሊ ባይካርቦኔት አሟሙት፤ ጥርት እስኪል አወዛውዙ። ከደፈረሰ ይጣል። በደም ሥር ለመስጠት 5 ሚ.ሊ ሳላይን (ለመርፌ የሚሆን የጨው ውሃ) ጨምሩ፤ በ1 ሚ.ሊ 10 ሚ.ግ ይሆናል። 5.4 ሚ.ሊ ወደ 6 ከፍ ይደረጋል። ሲጀመር፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያ በቀን አንዴ ይሰጣል። በየጊዜው አዲስ ይበጥበጥ፤ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየ አይወጋም።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጁ ነቅቶ መዋጥ ቢጀምርም መርፌው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቀጥላል፤ ከዚያ የ3 ቀኑ የሚዋጥ ጥምር መድኃኒት ሙሉውን መከተል አለበት። ይህ ሲዘለል ወባው ሊያገረሽ ይችላል። ከአርቴሱኔት ሕክምና ሳምንታት በኋላ ደም ማነስ ሊመጣ ስለሚችል ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር) እስከ 4 ሳምንት መከታተል ያስፈልጋል።