የሚና ጨዋታ በኮምፒውተርና በጠረጴዛ ዙሪያ፦ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ (ከአዲስ ጀማሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። የኮምፒውተር የሚና ጨዋታዎችን፣ ማለትም ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕሪ ሚና ይዞ ታሪክ ውስጥ የሚገባባቸውን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እጫወታለሁ፤ በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ባልዱርስ ጌት 3 ተጫውቼ ጨረስኩ። ጨዋታው የቆመበት የዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ሕግ መጀመሪያ የተጻፈው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይዘው ጠረጴዛ ከበው ለሚጫወቱ ሰዎች መሆኑን ስረዳ፣ ያንን ደግሞ ለማየት ጓጓሁ። ሦስት ጓደኞቼም አብረን እንሞክረው እያሉኝ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ ሙዚቃውንና ስሌቱን ሁሉ አሟልቶ እያቀረበልኝ በወረቀት ብጫወት የማገኘው ትርፍ ምንድን ነው? በኮምፒውተሩም ቢሆን ገጸ ባሕሪዬን የምፈጥረው እኔው ነኝ፣ ምርጫዬ ውጤት አለው፣ ዳይሱም ስክሪኑ ላይ ሲንከባለል ይታየኛል። የሚለያዩት በመሣሪያ ብቻ ነው ወይስ በጨዋታው ባሕርይ ጭምር? ሁለቱንም የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (ከጠረጴዛ ዳር)

ልዩነቱ የመሣሪያ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ሲያደርግ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። በኮምፒውተር ጨዋታ መልሱ እርስዎ ገና ሳይጀምሩ ተጽፎና ተፈትሾ ያለቀ ስለሆነ አዘጋጆቹ ያላሰቡት ነገር በዚያ ዓለም ውስጥ ቦታ የለውም። በጠረጴዛ ዙሪያ ግን ጌም ማስተር የሚባል ሰው አለ፤ የተናገሩትን ሰምቶ፣ ሁኔታውን አመዛዝኖ እዚያው ይፈርዳል።

አንድ የተቆለፈ በር እንውሰድ። በባልዱርስ ጌት 3 መቆለፊያውን በሽቦ መክፈት፣ ቁልፉን ፈልጎ ማግኘት፣ አስማት መጠቀም ወይም በሩን መስበር ይቻላል፤ ይህም ከብዙ ጨዋታዎች ጋር ሲተያይ ለጋስነት ነው። በጠረጴዛው ላይ ግን አንዱ ተጫዋች «የበሩ ማጠፊያ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጌም ማስተሩ ትንሽ አስቦ፣ በሩ ወደ ቡድኑ የሚከፈት በመሆኑ ማጠፊያው በእነሱ በኩል እንዳለ ይነግረዋል። ተጫዋቹም የፋኖሱን ዘይት ማጠፊያው ላይ አፍስሶ ፒኑን በጩቤ ጫፍ እየገፋ ለማውጣት ይወስናል። ስለ ማጠፊያ ፒን በሕግ መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም። ቢሆንም ጌም ማስተሩ ዘይቱ ድምፁን እንደሚቀንስ፣ ሥራው ግን ጊዜ እንደሚወስድ ይፈርድና መቆለፊያውን ለመክፈት ከሚያስፈልገው ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ዳይስ ያስጥላል፤ በዚህ መካከል የሌሊት ዘበኛው ዙሩን ጨርሶ እየተመለሰ ነው። ዘበኛውን ስሙን ቢጠይቁት ስም ይኖረዋል፤ ስለ ልጆቹ ቢጠይቁት ልጆች ይኖሩታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ማንም ሳያቅደው የታሪኩ ዋና ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሕጉ ራሱ ለዚህ ፍርድ የሚሆን መሣሪያ ያቀርባል። ለምሳሌ በአምስተኛው እትም ብልህ ሐሳብ ያመጣ ተጫዋች አድቫንቴጅ ይሰጠዋል፤ ማለትም ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ከፍተኛውን ይወስዳል። 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ 50 በመቶ የነበረው ዕድሉ 75 በመቶ ይደርሳል። ኮምፒውተሩም አድቫንቴጅ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን አስቀድሞ በተመዘገበ ምክንያት ብቻ ነው።

መልስ 2 (ከታሪክ ወዳድ)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ክርክሩ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ መሆኑን ማከል እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ፎን ራይስቪትስ ለጦር ማሠልጠኛ የሚሆን ጨዋታ አቀረበ። ጨዋታው በካርታ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ያቀርባሉ፣ የጉዳቱ መጠንም በዳይስና በሠንጠረዥ ይወሰናል። ሠንጠረዡ እየበዛ ጨዋታው ስለተንዛዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ ሌላ መኮንን ሠንጠረዡንና ዳይሱን ወደ ጎን አድርጎ ውሳኔውን ልምድ ላለው ዳኛ ሰጠ። በአንድ ወገን ሕግና ስሌት፣ በሌላው ወገን የሰው ፍርድ ማለት ነው።

ይህ ዳኛ ነው በኋላ ጌም ማስተር የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ በሚኒሶታ ባዘጋጀው ብራውንስታይን በተባለ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ጦር በመምራት ፈንታ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ያዙ፤ ከነሱ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1974 ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን አሳተመ። በዓመቱ፣ በ1975፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች የምድር ውስጥ ዋሻ የሚፈተሽባቸውን ጨዋታዎች መጻፍ ጀምረው ነበር። ማሽኑ የወሰደው ለማሽን የሚስማማውን ነው፦ የጤና ነጥቡን፣ ሌቨሉን (የገጸ ባሕሪውን የዕድገት ደረጃ)፣ ካርታውንና ዳይሱን። ዳኛውን ግን ሊወስደው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጡት አልቲማና ዊዛርድሪ የተባሉት የኮምፒውተር ጨዋታዎች፣ ከነሱም በኋላ የመጡት ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት የራይስቪትስ ሕግና ስሌት ወራሾች ናቸው።

ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ አንድ ሙከራ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኔቨርዊንተር ናይትስ ጨዋታው እየተካሄደ አንድ ሰው ጌም ማስተር ሆኖ እንዲገባ፣ ጭራቆችን በቦታው እንዲያስቀምጥና በሌሎች ገጸ ባሕርያት አፍ እንዲናገር ይፈቅድ ነበር። እጅግ የማከብረው ሥራ ነው፤ ሆኖም ጌም ማስተሩ ማንቀሳቀስ የሚችለው አስቀድሞ የተሠራለትን ብቻ ስለነበረ፣ የማጠፊያው ፒን ጥያቄ እዚያም መልስ አያገኝም ነበር።

መልስ 3 (ከሌሊት አንባቢ)

የኮምፒውተሩ ጨዋታ ከጠረጴዛው የጎደለ ነገር እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡን አልቀበልም። አስቀድሞ ተጽፎ ማለቁ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጸሐፊዎች ለዓመታት የደከሙበትን ዐረፍተ ነገር ማንም ጌም ማስተር እዚያው ተቀምጦ ሊፈጥረው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ዲስኮ ኤሊዚየምን ተመልከቱ። የጨዋታው ዋና ገጸ ባሕሪ የሆነው መርማሪ ያሉት 24 ችሎታዎች እያንዳንዳቸው በጭንቅላቱ ውስጥ የሚናገሩ ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ሲያበረታታው ሌላው ያስጠነቅቀዋል፣ ሦስተኛው ይዋሸዋል። ይህን ያህል ድምፅ በአንድ ጊዜ ይዞ፣ የእያንዳንዱን አነጋገር ሳያደበላልቅ ለአንድ ተጫዋች የሚያቀርብ ጌም ማስተር አላየሁም። የዚያ ዓለም አመጣጥ ግን ጸሐፊዎቹ በኢስቶኒያ እርስ በርሳቸው ከተጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች አይመስሉኝም።

ሌላም አለ። የጠረጴዛው ጨዋታ ጥራት በጌም ማስተሩ ይወሰናል። የደከመው፣ የሚያዳላ ወይም የራሱን ታሪክ ብቻ መናገር የሚፈልግ ሰው ከተቀመጠበት ምሽቱ በሙሉ ይበላሻል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁሉንም ተጫዋች እኩል ያያል፣ በፈለግኩት ሰዓት ይጠብቀኛል። አራት ሠራተኞችን በአንድ ምሽት ማሰባሰብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዳኛው ነገር ገብቶኛል። ጓደኞቼ ጌም ማስተሩ እኔ እንድሆን ይፈልጋሉ፤ ከኮምፒውተሩ ያመጣሁት ልማድ ያሰናክለኝ ይሆን? በአማርኛ ብንጫወትስ ይሆናል?

መልስ 4 (ከጠረጴዛ ዳር)

በአማርኛ መጫወት ይሆናል ብቻ ሳይሆን እመክረዎታለሁ። በገጸ ባሕሪው ቅጽ ላይ ያሉት ስሞችና ቁጥሮች በእንግሊዝኛ ቢቀሩ ማንም አይቸገርም፤ ንግግሩ ግን አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ ሲሆን ገጸ ባሕርያቱ ነፍስ ይዘራሉ። አንድ ተጫዋች የመንደሩን ሽማግሌ አንቱ እያለ ጀምሮ ሲናደድ አንተ ቢላቸው፣ ዳይስ ሳይጣል በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ኮምፒውተሩ ከተዘረዘሩት መልሶች አንዱን እንዲመርጡ ይጠይቅዎታል እንጂ እንዴት እንደተናገሩት አይሰማም።

ልማድን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው የሕግ ነው፦ በባልዱርስ ጌት 3 የችሎታ ፈተና ላይ፣ ማለትም አንድ ሙከራ መሳካቱን ለማወቅ ዳይስ ሲጣል፣ 20 ከወጣ ሁልጊዜ ይሳካል፣ 1 ከወጣ ሁልጊዜ ይከሽፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአምስተኛው እትም የጠረጴዛ ሕግ ግን ይህ የሚሠራው በጥቃት ጊዜ እንጂ በችሎታ ፈተና ላይ አይደለም። ሁለተኛው ይከብዳል። በኮምፒውተር ላይ ዳይሱ ሲከሽፍብን ወደ ሴቭ (ቀደም ብለን ወዳስቀመጥነው የጨዋታው ነጥብ) መመለስ ለምደናል፤ በጠረጴዛው ላይ መመለስ ስለሌለ ክሽፈቱ ራሱ ታሪኩን ወደፊት የሚወስድ መሆን አለበት። ዳይስ ከማስጣልዎ በፊት «ቢከሽፍ ምን ይከተላል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ የሚከተል ነገር ከሌለ ዳይስ አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ይፍቀዱ።

ለመጀመር ገንዘብ ማውጣት የለብዎትም። መሠረታዊው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅድ ፈቃድ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰባት ዳይስ ያሉበት አንድ ስብስብ ለአራታችሁም ይበቃል፤ እሱም ከጠፋ ስልክ ላይ ያለው ዳይስ ይሠራል። ሁሉም በሌቨል 1 ይጀምሩ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አይጻፉ፤ አንድ መንደር፣ አንድ ችግርና የሚፈልጉትን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ያዘጋጁ፤ ለእያንዳንዳቸው ተጫዋቾቹ ጣልቃ ባይገቡ ምን እንደሚያደርጉ በአንድ መስመር ይጻፉ። ለመጠባበቂያ ደግሞ አሥር ያህል ስሞች ወረቀት ላይ አስፍረው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ዘበኛ ስሙን መጠየቁ አይቀርምና።