ራጁን ማሽን ካነበበው ፊርማው የማን ነው?

ጠቅላላ ሐኪም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሕክምናው ሲገባ እንቀበለው ወይስ እንከልክለው? እኔ እንቀበለው ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በቲቢ ልየታ (ማን መመርመር እንዳለበት በመለየት) ላይ የደረት ራጅን በሰው ፋንታ ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል ብሏል። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ የሠራ ሰው ይሄ ይገባዋል። ራጁ ይነሳል፣ አንባቢ ግን የለም።

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፦ ልየታውን አልቃወምም። ሶፍትዌሩ ሲጠረጥር አክታ ተመርምሮ ይረጋገጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ዓይናችን እንዳይሰንፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፖላንድ የወጣ ጥናት አለ። ሐኪሞቹ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ሲሠሩ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እጢ የሚያገኙት ከ100 ምርመራ በ28ቱ ገደማ ነበር። እጢውን የሚጠቁማቸውን ማሽን ከለመዱ በኋላ ያለ እሱ ሲሠሩ ወደ 22 ወረደ። እያንዳንዳቸው ከ2,000 በላይ ምርመራ የሠሩ ሰዎች ናቸው! ስፔሻሊስት ለመሆን ገና የሚማረውን ሬዚደንት አስቡት። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ያን ቀን ታካሚው በማን ዓይን ይታያል?

ጠቅላላ ሐኪም፦ ዶክተር፣ ጥናቱን አይቼዋለሁ። ምክንያቱ ማሽኑ ብቻ ነው ለማለት ግን አይበቃም። ናይሮቢን ይመልከቱ። በፔንዳ ሄልዝ ክሊኒኮች ሐኪሙን የሚያግዝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ 40 ሺህ በሚጠጉ የሕክምና ጉብኝቶች ላይ ተሞክሮ የምርመራ ስህተት በ16 በመቶ ቀንሷል። ማሽኑ ያስጠነቅቃል እንጂ አይወስንም።

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፦ የናይሮቢውን ያጠኑት ሶፍትዌሩን የሠሩት ክሊኒኮቹ ራሳቸውና ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት ሞዴል ባለቤት ኦፕንኤአይ ናቸው። ከውጭ ሰው ይየው።

ነርስ፦ የምታወሩት ስለ ሐኪም ብቻ ነው። ታይላንድ ውስጥ ጉግል የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የሚያይ ማሽን ሲሞክር ፎቶውን የሚያነሱት ነርሶች ነበሩ። ክፍሉ አልተመቸም፤ ማሽኑ ከአምስት ፎቶ አንዱን ገደማ አልቀበልም አለ። ለታካሚው ያንን የሚያስረዳው ማነው? እኛው ነን። እቃው ከመገዛቱ በፊት ክፍላችንን መጥታችሁ እዩ።

ሬዚደንት፦ እኔ ያ የሚማረው ነኝ። ማሽኑ ይግባ። ግን መጀመሪያ ራጁን ራሴ ላንብብ፣ የታየኝን ልጻፍ፣ ከዚያ ማሽኑ ያለውን ልክፈት። ተሳስቼ ከሆነ ሲኒየሬ ለምን እንደሆነ ያሳየኝ። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ስሜ ነው። ታካሚው ነገ ደም እያሳለው ቢመለስ ቤተሰቡ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ በዚህ ቅደም ተከተል እኔም እስማማለሁ። ግን በተረኝነት ሌሊት፣ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ቅደም ተከተሉን ማን ያከብረዋል? ዶክተር፣ እርስዎ ክፍል ይቻላል?