«ተለወጠ» ማን አየ?

ብሎክ 41፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ «የሬቲና ደጋፊ ሴሎች ወደ ነርቭ ተለወጡ፣ ግላኮማ ሊድን ነው» አለ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ሰምታለች። የዓይን ጠብታዋን ስኳር ጣሳ ውስጥ ከታዋለች፤ «ሊያድኑኝ ነው፣ ከእንግዲህ ምን አስለቀሰኝ?» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ዜና በአየር ላይ መልቀቅ ልክ አይደለም!

ብሎክ 8፦ ለምን አይነገር? ዜብራ የሚባለው ዓሣ ሬቲናው፣ ማለት ከዓይኑ ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሲጎዳ ሙለር የሚባሉት ደጋፊ ሴሎቹ ተከፋፍለው አዲስ ነርቭ ያወጣሉ። በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስክል1 የተባለውን ጂን በአይጥ ሙለር ሴል ውስጥ አስነስተው ነርቭ አግኝተዋል። ተለውጧል።

ብሎክ 41፦ «ተለውጧል»? ማን አየ?

ብሎክ 23፦ የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። በ2020 ፒቲቢፒ1 የተባለውን ጂን በመቀነስ ብቻ ሙለሩ ጋንግሊዮን ሴል፣ ማለት ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው ነርቭ፣ ሆነ ተባለ፤ ግላኮማ የሚገድለው እሱን ነው። በ2022 ሌሎች ጂኑን ጨርሰው አጠፉት፤ ሙለሩ ሙለር ሆኖ ቀረ። ሙለሩን ለመለየት የላኩት፣ የሚያበራ ምልክት የተሸከመው ቫይረስ ድሮ የነበረውን ነርቭም ያበራል። ነባሩን አዲስ ብለው ቆጠሩት።

ብሎክ 8፦ አንዱ ስለወደቀ ሁሉም ይውደቅ? የ2017ቱ ጥናት ሙለሮቹ ላይ ቀድሞ ወደ ዘራቸው የሚተላለፍ ምልክት አድርጎ ነው የተከታተላቸው።

ብሎክ 23፦ እሱን አልነካሁም። ግን ያኔ የወጡት ባይፖላርና አማክሪን የሚባሉትን ሌሎች የሬቲና ነርቮች የሚመስሉ ናቸው። የእናቱ ችግር ጋንግሊዮን ነው፤ እሱ ደግሞ ክሩን እስከ አንጎል መዘርጋት አለበት።

ብሎክ 15፦ ወገኖቼ፣ ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ግሩፑ ለዚህ አልነበረም እንዴ?

ብሎክ 41፦ እቴ፣ የእናቴ ዓይን ከውሃው ያንሳል?

ብሎክ 15፦ አላልኩም! ልጅ የማጥብበት ጠብታ የለኝም።

ብሎክ 8፦ ወንድሜ፣ አሁንም እላለሁ፣ ተለውጧል። ለዓይነ ስውር ተስፋ መንፈግ ግፍ ነው።

ብሎክ 23፦ በአይጥ ነው፣ ጋሼ! «በአይጥ» የምትለዋን ቃል አሁን ለምን ዋጧት? ጠብታው የጠፋውን አይመልስም፣ የተረፈውን ግን ያቆያል። ስታቆም የሚሄደው ያ የተረፈው ነው።

ብሎክ 41፦ ከጣሳው አውጥቼ አሁን ጨመርኩላት። ብልቃጡ ላይ ስኳር ተጣብቆ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

ብሎክ 8፦ እግዜር ይማራት። ጥፋቱ ግን የሬዲዮው ነው እንጂ የሴሉ አይደለም።

ብሎክ 23፦ ሴሉን ማን ከሰሰ?