ዩሪያን ለስንዴ መቼ መጨመር ይሻላል?

የአርሲ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ አንድ ሄክታር ስንዴ በመኸር ያመርታሉ። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) እና አንድ ኩንታል ዩሪያ በዘር ቀን አንድ ላይ ይበትናሉ። ማሳው ክረምቱን ውኃ የሚይዝ ጥቁር መሬት ነው። ቡቃያው መጀመሪያ ደስ ያሰኛል፤ ነሐሴ ሲጋመስ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ዛላውም አጭር ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያው አንሶ ነው ወይስ ጊዜው ተሳስቶ?

የሰብል ባለሙያ፦
ከታችኛው ቅጠል የሚጀምር ቢጫነት በአብዛኛው የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ነው፤ ተክሉ ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣልና። (ቢጫ ዋግ ቢሆን በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ፣ ጣት ላይ የሚቀር ብናኝ ያዩ ነበር።) የጠቀሱት መጠን ሲሰላ ከኤንፒኤሱ 19፣ ከዩሪያው 46፣ በድምሩ 65 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስለሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ችግሩ ስንዴው በሚፈልገው ሰዓት ከዚህ ውስጥ ስንቱ መሬት ውስጥ ይገኛል የሚለው ነው። ቡቃያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወስደው ጥቂት ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍላጎት የሚመጣው አገዳው አንጓ መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ነው። በዘር ቀን የተበተነው ዩሪያ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ በቀናት ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬቱንም ከፊሉን የሐምሌ ዝናብ ወደ ታች ያጥበዋል፣ ውኃ በተኛበት ቦታ ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ለውጠው ያባክኑታል። ስለዚህ የዩሪያውን ሲሶ በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከአንዱ ዘር ብዙ አገዳ ሲበቅል ይጨምሩ።

ገበሬ ነኝ፦
አስቀድሞ አረሙ ይታረም፣ አለዚያ ዩሪያውን የሚበላው እርሱ ነው። ውኃውም በቦይ ካልተጠነፈፈ ዩሪያውን በሁለት ጊዜ ከፍሎ መጨመሩ ብቻ አያድንም። አፈር ላይ ተበትኖ ዝናብ ሳያገኝ ከቆየም ከፊሉ በአሞኒያ መልክ ይተናል፤ አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ግን ጤዛ የሌለበት ሲሆን ይበተን።

የሰብል ባለሙያ፦
ትክክል ነው። ሆኖም እጅግ አይዘግይ፤ ዛላ ከወጣ በኋላ የሚጨመረው የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ሊያደርግ ቢችልም የዛላውን ቁጥር አይጨምርም። በአንጻሩ በመጀመሪያ ብዙ መስጠት አዝመራውን ለመጋሸብ (ተኝቶ ለመውደቅ) ያጋልጠዋል።

የአርሲ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። አባቴ የሚሰጉት ግን ዩሪያው ቤት ውስጥ ከቆየ ይረጥባል ብለው ነው።

ገበሬ ነኝ፦
ሥጋታቸው እውነት ነው፣ እርጥበት ይስባል። የውስጡ ላስቲክ ካልተቀደደ አፉን አጥብቀው አስረው፣ ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ያስቀምጡት፤ 40 ቀን ይቆያል።