ዛንዚባር ውስጥ «ከአደጋ የተረፉ እንስሳት መጠለያ» የሚባሉትን ቦታዎች መጎብኘት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚመጣው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ወስነናል። ታላቋ ልጃችን ለእንስሳት ያላት ፍቅር ከፍተኛ በመሆኑ ከባሕሩም ከአሸዋውም ይልቅ እርሷን ያጓጓት እንስሳቱን ማየት ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ በላከልን ዝርዝር ውስጥም ከአደጋ የተረፉ የዱር እንስሳት የሚጠለሉባቸው ናቸው የተባሉ ቦታዎች ይገኛሉ። በአንደኛው አቦሸማኔ እየዳሰሱ ፎቶግራፍ መነሣት፣ በሌላው ሌሙር የተባለውን ጦጣ መሰል እንስሳ ትከሻ ላይ አስቀምጦ ፍራፍሬ ማጉረስ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከባሕር ኤሊዎች ጋር መዋኘት እንደሚቻል ተጽፏል።

እንደማውቀው የሌሙር አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ አቦሸማኔም በደሴት ላይ የሚኖር አውሬ አይደለም። ታዲያ እነዚህ እንስሳት ከየትኛው አደጋ ተርፈው ነው ዛንዚባር የደረሱት? የምንከፍለው ገንዘብ ለእንስሳቱ መኖና ሕክምና የሚውል ከሆነ በደስታ እንከፍላለን። ነገር ግን ልጆቼን ለማስደሰት ብዬ እንስሳትን ከጫካ እየነጠቀ ለሚነግድ ሰው ገበያ መሆን አልፈልግም። እውነተኛውን መጠለያ ከንግዱ የምለይበትን መንገድ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳውም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ውድ እህቴ፣ «ከየት መጡ?» ብለው የጀመሩት ጥያቄ ከሁሉም የሚቀድመው ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚመለከተው አጥሩ ሰፊ፣ ውሃው ንጹሕ፣ እንስሳውም የጠገበ መሆኑን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ እንስሳው ለመታያነት ተገዝቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ መጠለያ ስለ እያንዳንዱ እንስሳ መቼ እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳስረከበውና ምን ጉዳት እንደ ነበረበት የሚናገር መዝገብ አለው፤ ሲጠየቅም ሳያቅማማ ያስረዳል።

ሁለተኛው ምልክት የግልገሎቹ ጉዳይ ነው። ከአደጋ የተረፈ ግልገል ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። ስለዚህ አንድ ቦታ በየጊዜው ለማቀፍ የሚመቹ ትንንሽ ግልገሎችን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ያለፈው ዓመት ግልገሎች አድገው የት እንደ ሄዱ ይጠይቁ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያሳምን መልስ የማይሰጥ ቦታ እንስሳትን ያራባል፣ ወይም ይገዛል፣ ወይም ያደጉትን ለሌላ ያስተላልፋል ማለት ነው። በሙያው ተቀባይነት ያላቸው መጠለያዎች ለመታያና ለሽያጭ አያራቡም፤ ጎብኚም አውሬውን እንዲዳስስ አይፈቅዱም።

ስለ አቦሸማኔው ትንሽ ላብራራ፤ ጉዳዩ የእኛንም አገር ይነካልና። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ወደ 7,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ለንግድ ከአገር ወደ አገር ማዘዋወራቸውም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት (ሳይቲስ) የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአካባቢው አገሮች የሚነጠቁ ግልገሎች በሶማሌላንድ የባሕር ዳርቻ በኩል በጀልባ ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲጓጓዙ ኖረዋል፤ ብዙዎቹም በረኀብና በበሽታ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር እስከ 18 ወር ድረስ ቆይቶ አደን ይማራል። ይህን ሳይማር በሰው እጅ ያደገውን ወደ ዱር መመለስ እጅግ አዳጋች ስለሆነ፣ የተረፈው ዕድሜውን ሁሉ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በአገራችን ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በሆለታ አቅጣጫ የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የተባለው ማዕከል ከአዘዋዋሪዎች የተያዙና በጠባብ ጎጆ ታስረው የነበሩ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። እዚያ ያሉት እንስሳት የጎብኚ መጫወቻ አይደሉም፤ ክብራቸውም የሚጠበቀው በዚሁ ነው።

በመጨረሻም ስለ ጤና፦ ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ሊይዙ ስለሚችሉ ልጆቹ ከነኳቸው በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ጦጣና ሌሙርን ግን ጨርሶ አያስነኳቸው፤ ንክሻቸው አደገኛ ነው፤ የእኛም ጉንፋን እነርሱን ሊያሳምማቸው ይችላል።

መልስ፦ ዛንዚባርን የጎበኘ፣ ናይሮቢ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ሊተኩ የሚችሉ ቦታዎችን ልጠቁም። በመጀመሪያ የምመክርዎ ብዙዎች የእስር ቤት ደሴት የሚሏትን ቻንጉን ነው። ስቶን ታውን ከሚባለው የዛንዚባር ጥንታዊ ከተማ ዳርቻ በጀልባ ጥቂት የሚያስኬድ ትንሽ ደሴት ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስር ቤት ተሠርቶበት እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ ሕመምተኞች ተለይተው የሚቆዩበት ጣቢያ ሆኖ ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ግን በአልዳብራ ግዙፍ ኤሊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የሲሸልስ እንግሊዛዊ ገዥ አራት ኤሊዎችን በስጦታ ላከ፤ እነርሱም ተራብተው በ1955 ወደ 200 ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሌቦች እያወጡ ለምግብና ለቤት እንስሳነት ስለ ሸጧቸው በ1996 የቀሩት ሰባት ብቻ ነበሩ። የዛንዚባር መንግሥት ከዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆኖ አጥር ሠራ፤ ግልገሎችም ከስርቆት ተጠብቀው ለብቻቸው እንዲያድጉ ተደረገ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት፣ መጠለያ አያራባም የሚለው መለኪያ እዚህ ቦታ ላይ እንደ ወረደ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። በቻንጉ መራባታቸው ሊያልቁ ተቃርበው የነበሩትን አትርፏል፤ ጥፋቱ የተፈጸመው በመሰረቃቸው ነው። እንስሳቱ ለአካባቢው እንግዳ ቢሆኑም ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበት ስፍራ ነው። ጎብኚዎች ከጠባቂዎቹ ቅጠል ተቀብለው ያበሏቸዋል፤ አንገታቸውን በእርጋታ ሲዳስሷቸውም ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይዘረጉታል። ወንዱ እስከ 250 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል አንዳንድ ሰዎች ልጆቻቸውን በጀርባው ላይ ያስቀምጣሉ፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ሲያደርጉ ካዩም ለጠባቂው ይንገሩ።

ከባሕር ኤሊዎች ጋር መዋኘቱ ቢቀር ይመረጣል። ጎብኚ ተቀብቶት የሚገባው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውሃውን ይበክላል፤ ከሰው እጅ የሚጎርስ ኤሊም ሰውን ያለ ፍርሃት መቅረብ ስለሚለምድ በኋላ ባሕር ሲገባ ለአጥማጅ ሲሳይ ይሆናል። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊ የሚገኘውና የአካባቢው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋሙት የምናራኒ የባሕር ኤሊ ኩሬ ግን ሊታይ የሚገባው ነው። በዓሣ መረብ ተይዘው የሚገኙ ኤሊዎች ይመጡበታል፤ የባሕር ማዕበል ሲመጣና ሲሄድ የኩሬው ውሃ ይለዋወጣል። ከዳር ሆኖ መመልከቱ ለልጆችም በቂ ነው።

በዓለም ላይ ከዛንዚባር በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ጉሬዛ ለማየት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሆነው ወደ ጆዛኒ ጫካ ይሂዱ። ማንም ያላሰረው፣ ማንም ያልመገበው እንስሳ ከራስዎ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ሲበላ ማየት ከየትኛውም አጥር ጀርባ ከሚታየው ይበልጣል። ይህ ጉሬዛ ቅጠል የሚያፈላ ብዙ ክፍል ያለው ሆድ ስላለው የበሰለ ሙዝ ያሳምመዋል። በአካባቢው ያለውን የዛፍ ቅጠል መርዛማነት ለማርገብ ከሰል ሲበላ የሚታይበትም ጊዜ አለ፤ ልጅዎ ይህን ብትሰማ ደስ እንደሚላት እርግጠኛ ነኝ።

መልስ፦ ነዋሪነቱ በዱባይ

የሁለቱንም አስተያየት አከብራለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር እንዲታሰብበት እፈልጋለሁ። እኔ በምኖርበት አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ግለሰቦች አደገኛ የዱር እንስሳትን በቤታቸው እንዳይዙ በሕግ ተከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየቤቱ ያደገ አንበሳና አቦሸማኔ አንድ ቦታ መሄድ ነበረበት። የተወረሰ እንስሳ በየቀኑ ሥጋ ይበላል፣ ሐኪም ይፈልጋል፤ የሚረዳው መንግሥት ወይም ለጋሽ ከሌለ ወጪውን የሚሸፍነው የጎብኚ ትኬት ነው። ስለዚህ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ እንስሳ በደሴት ላይ መገኘቱ ብቻውን ባለቤቱን ወንጀለኛ አያደርገውም። ሁሉም ጎብኚ ፊቱን ቢያዞር በመጀመሪያ የሚራቡት እንስሳቱ ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ ድጋሚ መልስ

ወንድሜ፣ ያነሡት ሐሳብ እውነት አለው፤ ትኬት መሸጡንም አልተቃወምኩም። የምቃወመው ትኬቱ የሚሸጠው በመዳሰስና በማቀፍ መሆኑን ነው። በታይላንድ ፉኬት ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራው የጊቦን (ጭራ የሌለው፣ ክንደ ረጅም የእስያ ዝንጀሮ) ማገገሚያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወደዚያ ከሚመጡት ጊቦኖች ብዙዎቹ በባሕር ዳርቻና በመጠጥ ቤቶች ከቱሪስት ጋር ፎቶ ሲነሡ የኖሩ ናቸው። ሕፃን ጊቦን የሚገኘው እናቲቱን ከዛፍ ላይ ተኩሶ በመጣል ስለሆነ፣ ከአንድ ፎቶግራፍ በስተጀርባ ቢያንስ አንዲት የሞተች እናት አለች። ማገገሚያው ጎብኚን ይቀበላል፣ የጎብኚውም ገንዘብ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ጎብኚው ከርቀት ያያል እንጂ ማንንም አይነካም። የዳኑት በቤተሰብ በቤተሰብ ሆነው የጊቦን ዘር ጠፍቶበት ወደ ነበረው የደሴቲቱ ጫካ ይለቀቃሉ። መዳሰስ ሳይኖርም ገንዘብ ማግኘት እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአስጎብኚ ድርጅቱ ጽፌ አቦሸማኔውና ሌሙሩ ከማን እንደ ተረከቡ፣ ያለፉት ግልገሎችም የት እንዳሉ ጠይቄያለሁ። የደረሰኝ ምላሽ የመግቢያ ዋጋውንና እንስሳቱ ለልጆች ገር መሆናቸውን ብቻ የሚገልጽ ነበር። ስለዚህ ሦስቱንም ሰርዘን ቻንጉን፣ ጆዛኒንና የምናራኒን ኩሬ መርጠናል። ልጄ አቦሸማኔ መንካት በመቅረቱ ጥቂት አዝና ነበር፤ ግልገሉ ከእናቱ ተነጥሎ እንዴት እንደሚጓጓዝ ስነግራት ግን እንስሳ ኮቴን እንድንጎበኝ ጠየቀችኝ። ወደ ቻንጉ በየትኛው ሰዓት መሄድ እንደሚሻል የሚያውቅ ቢጠቁመኝ?

መልስ፦ ዛንዚባርን የጎበኘ፣ ናይሮቢ

ጠዋት ይሂዱ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ኤሊዎቹ ወደ ጥላ ገብተው ስለሚተኙ ብዙም አይንቀሳቀሱም። ከጀልባው ሲወርዱ ውሃ ውስጥ መርገጥ ሊኖር ስለሚችል ለልጆቹ የሚረጥብ ጫማ ይያዙ። ከቤት የወሰዱትን ምግብ ለኤሊዎቹ አይስጡ፤ የሚበሉትን ቅጠል ከጠባቂዎቹ ይቀበሉ።