ከዋና አዘጋጅነት ወደ ቃል አቀባይነት፦ ሥራው ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል?

የመጨረሻው ገጽ (ጠያቂ)

የአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነኝ። ሙያውን በአራሚነት ጀምሬ፣ ፍርድ ቤት ዘግቤ፣ የኢኮኖሚ ገጽ መርቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ማታ ማታ ገጾቹ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካቸው በፊት የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንድ ሚኒስትር አስጠርተውኝ የመሥሪያ ቤታቸው ቃል አቀባይ እንድሆን ጠየቁኝ። ደመወዙ ይሻላል፤ እሱን አልደብቅም።

ባልደረቦቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ጋዜጠኛ ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢኖር ለሁላችንም ይበጃል» ይላል። ሌላኛው ወገን ምንም አይልም፤ አየት አድርጎኝ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል። የከበደኝ ይህኛው ነው።

ስለ ኅሊና ንጽሕና የሚሰብከኝ ሰው አልፈልግም፤ ባለቤቴ ያንን ድርሻዋን በሚገባ ተወጥታለች። ማወቅ የምፈልገው የዕለት ሥራውን ነው። ጠዋት ገብታችሁ ምን ትሠራላችሁ? የማታውቁትን ስትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ነገሩ ባይሆንልኝስ ወደ ጋዜጣ መመለስ ይቻላል?

ቀይ እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ የምትጠይቀውን መንገድ ሄጄበታለሁ። ጋዜጣ አዘጋጅቻለሁ፣ ቃል አቀባይም ሆኛለሁ፤ አሁን ጡረተኛ ስለሆንኩ የሚቆጣኝ አለቃ የለም።

የጋዜጣ ቤት ቀን የሚከብደው ወደ ማታ ነው። የቃል አቀባይ ቀን ግን ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል። ሬዲዮ እየሰማህ ትለብሳለህ፤ የጋዜጦቹን የፊት ገጽ ታያለህ፤ ሚኒስትሩ መኪና ውስጥ የሚያነቡት አጭር ማጠቃለያ ትጽፋለህ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የሚያልቀው ከጋዜጠኞች ጋር እንዳይመስልህ፤ የራስህን መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በማሳደድ ነው። ጋዜጠኛ ሳለህ ስልክህን የማያነሡት ሰዎች ቃል አቀባይ ስትሆንም አያነሡትም። አሁን ግን ቢሯቸው ድረስ ሄደህ በር ላይ መቆም ትችላለህ። እኔ ከጸሐፊዎቻቸው ጋር የተወዳጀሁት በር ላይ በመቆም ነው፤ ደግሞም መረጃው ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

መግለጫ ከመስጠትህ በፊት የጥያቄና መልስ ማኅደር ይዘጋጃል፤ ሊጠየቅ የሚችለው ሁሉ በየገጹ ተጽፎ ከሥሩ መልሱ ይሰፍራል። አንድ ጊዜ ስለዘገየ ድልድይ እንደምጠየቅ አውቄ ጥያቄውን ለመሐንዲሱ ላክሁት። «ለሥራ ተቋራጩ ክፍያ ስላልተፈጸመ ነው» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ፋይናንስ ዘንድ ሲደርስ «የክፍያ ሂደቱ ስላልተጠናቀቀ» ሆነ። ሕግ ክፍል «ከውል ጋር በተያያዙ ጉዳዮች» አደረገው። በሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በኩል አልፎ ወደ እኔ ሲመለስ የቀረው «በተለያዩ ምክንያቶች» የሚል ብቻ ነበር። ጋዜጣ ቤት እንደለመድኩት ኅዳጉ ላይ በቀይ «የትኞቹ ምክንያቶች?» ብዬ ጽፌ መለስኩት። ተቆጡ። ደግሜ መለስኩት። መግለጫው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የመሐንዲሱ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተመልሶ መጣ፤ እኔም እሱኑ አነበብኩ። በማግስቱ ጋዜጦቹ አንድ አንቀጽ ሰጥተውት አለፉ። «በተለያዩ ምክንያቶች» ብዬ ብወጣ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ የፊት ገጽ ላይ እንከርም ነበር። አዘጋጅነትህ የሚጠቅማቸው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ የንግግር ችሎታውማ ከየትም ይገኛል።

የማታውቀውን ስትጠየቅ «አላውቅም» በል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው የምታውቅ መስሎህ የማታውቀው ነገር ነው። ላሪ ስፒክስ የሚባለውን አሜሪካዊ ታስታውሰው ይሆናል። በሚሲሲፒ የትንንሽ ከተማ ጋዜጦች አዘጋጅ ነበር፤ ከዚያ የአንድ ሴናተር የፕሬስ ጸሐፊ ሆነ፤ እያለ እያለ ዋይት ሐውስ ገባ። እ.ኤ.አ. በማርች 1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን ላይ በተተኮሰ ጊዜ የፕሬስ ጸሐፊው ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሥራ ውጭ ሆነ። ብሬዲ ማዕረጉን እንደያዘ ቆየ፤ ሥራውን ግን እስከ 1987 መጀመሪያ ድረስ ስፒክስ ሠራው። ጠረጴዛው ላይ «ዜናውን እንዴት እንደምናሰናዳ እናንተ አትነግሩንም፤ እንዴት እንደምትዘግቡት እኛ አንነግራችሁም» የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አኑሮ ነበር። ቢያንስ አልዋሸም፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ እያሰብን ግድግዳችን ላይ «ግልጽነት» የሚል እንሰቅላለን።

በኦክቶበር 1983 አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አሜሪካ የካሪቢያኗን ደሴት ግሬናዳን ልትወር ነው ወይ ሲል ጠየቀው። ስፒክስ ከራሱ አልመለሰም፤ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ሰዎችን አስጠየቀ። የማይመስል ነገር ነው ተባለ፤ እሱም ያንኑ አስተላለፈ። በማግስቱ ወታደሮቹ ደሴቲቱ ላይ አረፉ። በውጭ ጉዳይ በኩል ምክትሉ የነበረው ሌስ ጃንካ ሥራውን ለቀቀ፤ ስፒክስ ግን ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔቫ ላይ ሬጋንና የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ሲገናኙ ደግሞ ሬጋን ያላሉትን ንግግር ፈጥሮ በስማቸው ለጋዜጠኞች ሰጠ። ይህን በ1988 ባሳተመው ትዝታው ራሱ ተናገረ፤ ከመንግሥት ከወጣ በኋላ ሜሪል ሊንች በተባለው የፋይናንስ ኩባንያ ውስጥ ያገኘውን ሥራም አሳጣው። ስለ ግሬናዳው አዝንለታለሁ። ስለ ጄኔቫው አላዝንለትም። ጥቅስ መፍጠር ጀማሪ ዘጋቢ የሚባረርበት ጥፋት ነው፤ እሱ ደግሞ አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው።

እንግዲህ ከሚኒስትሩ ጋር ስለ ደመወዝ ከመነጋገርህ በፊት፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ትቀመጥ እንደሆነ ጠይቅ። «ከስብሰባው በኋላ ይነገርሃል» ካሉህ ይቅርብህ።

ሦስተኛው ረድፍ

ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አዳራሹ ከእኛ ወንበር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። እኔ መግለጫ የምዘግብ ጋዜጠኛ ነኝ። ከጋዜጣ የመጡ ቃል አቀባዮች ከሌሎቹ የሚብሱበት ነገር አለ፤ ገጽ የሚዘጋበትን ሰዓት ያውቃሉ። ከሕዝብ ግንኙነት ትምህርት የመጣው ሰው መጥፎ ዜና ሲይዝ ይርበተበትና በጠራራ ፀሐይ ይዞት ይወጣል። የቀድሞው አዘጋጅ ግን የምሽቱ ገጽ ሊዘጋ ሲል፣ ሌላውን ወገን ደውዬ የምጠይቅበት ጊዜ እንደማይተርፈኝ አስልቶ፣ አለዚያም የበዓል ዋዜማ ጠብቆ ይልከዋል። ከሥሩም «ለማንኛውም ጥያቄ ስልኬ ክፍት ነው» ይላል። ክፍት ነው፤ ይጠራል፣ ይጠራል።

ሌላም አለ። እኔን አልፎ በቀጥታ ለዋና አዘጋጄ የሚደውል አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ነበር። «ርዕሱ እኮ ትንሽ ከረር አለ» ይላቸዋል። ሁለቱ ስለ ድሮው ዘመን ሲሳሳቁ ከጠረጴዛዬ እሰማለሁ፤ ከዚያ ርዕሱ ይለዝባል፤ የእኔ ስም ግን ከሥሩ እንዳለ ነው። ወንድሜ ጠያቂ፣ ሹመቱን ብትቀበል ያንን ስልክ አትደውል። እኛ ከቃል አቀባይ ብዙ አንጠብቅም፤ «አጣርቼ እስከ አሥር ሰዓት እደውልልሻለሁ» ካለ በአሥር ሰዓት ቢደውል፣ ባያገኝም እንኳ «አላገኘሁም» ቢለኝ፣ እኔ ለዚያ ሰው ሌላው ቀርቶ ስሕተቱን እንኳ በረጋ መንፈስ ነው የምዘግብለት።

ስብሰባው ውስጥ መቀመጥም ቢሆን የራሱ ዋጋ አለው። እንግሊዛዊው አላስተር ካምቤል የዴይሊ ሚረር ጋዜጣ የፖለቲካ አዘጋጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የቶኒ ብሌር ቃል አቀባይ ሆነ፤ በ1997 አብሯቸው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ገባ። የፖለቲካ ተሿሚ ሆኖ ሳለ የመንግሥት ሠራተኞችን የማዘዝ ሥልጣን በልዩ ትእዛዝ ተሰጥቶት ነበር። ያልነበረበት ስብሰባ አልነበረም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ግን መግለጫ ሰጪው ራሱ ዜና ሆነ፤ ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ በወጣው ሰነድ ከቢቢሲ ጋር ጦርነት ገጠመ። ከዚሁ ውዝግብ ጋር በተያያዘ የተካሄደው የሃተን ምርመራ በ2004 መጀመሪያ ለመንግሥት ወገን ቢያደላም፣ ካምቤል በ2003 ክረምት መልቀቁን አስታውቆ ነበር። ውሳኔ ሲሰጥ የነበረ ሰው፣ ውሳኔው ሲከሽፍ «አልነገሩኝም» ብሎ መውጫ የለውም። ስፒክስ ቢያንስ ይህ መውጫ ነበረው።

ቀይ እስክሪብቶ

ልጄ፣ ስለ ገጹ መዝጊያ ሰዓት የተናገርሽውን ልከራከርበት አልችልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በካምቤል ላይ ግን አልስማማም። «አልነገሩኝም» የሚል መውጫ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያውኑ ባይገባ ይሻለዋል። ሳያውቁ ከመናገር እያወቁ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንባቢ ነኝ

ወደ ጋዜጣ ስለ መመለስ የቀረበውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። ጄራልድ ቴርሆርስት የዲትሮይት ኒውስ የዋሽንግተን ቢሮ ኃላፊ ነበር። ፕሬዚዳንት ፎርድ በኦገስት 1974 ሥልጣን ሲይዙ የፕሬስ ጸሐፊያቸው አደረጉት። ከሥልጣን ለወረዱት ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለኒክሰን ይቅርታ ሊደረግ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት ጋዜጠኞች፣ ከውስጥ ሰዎች በሰማው መሠረት እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ነገራቸው። በወሩ ይቅርታው ታወጀ፤ እሱም በዚያው ዕለት ሥራውን ለቀቀ። ጋዜጣው መልሶ ተቀበለው፤ ዓምደኛ ሆኖም ጻፈ። ብዙ ሰው ኅሊናውን ያነሣል፤ ለእኔ የታየኝ ግን ፍጥነቱም እንደረዳው ነው። ዓመታት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ አንባቢ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚያምንለት ይቸገር ነበር።

ቢል ሞየርስ ደግሞ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፕሬስ ጸሐፊ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1967 የኒውስዴይ ጋዜጣ አሳታሚ ሆነ፤ ከዚያም ረጅም የጋዜጠኝነት ዘመን ኖረ። ይቻላል ማለት ነው።

ግን ሁሉም አገር እንደዚያ አይደለም። በዓሉ ግርማ የአዲስ ዘመንም የኢትዮጵያን ሄራልድም አዘጋጅ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሰልፏል። እዚያ ያየውን ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈ። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። «መመለስ ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከሁሉ በፊት በመንግሥቱ ጠባይ ላይ ስለሆነ ነው፤ የአንተ ጨዋነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የመጨረሻው ገጽ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚኒስትሩን ስለ ሳምንታዊው የማኔጅመንት ስብሰባ እጠይቃቸዋለሁ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ስለዚያ ስልክ የተናገርሽውን ሳነብ ከዚህ ቀደም ከወዲያኛው ጫፍ የተደወለልኝ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ አንዳንዱን ርዕስ አለዝቤአለሁ፣ አንዳንዱን አላለዘብኩም። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ሁሉ አንብባ «ማንም ሂድ አላለህም» ብላለች። እኔ ግን ማንም «አትሂድ» ሲለኝም አላየሁም።

ቀይ እስክሪብቶ

አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ከአንተ በፊት የነበረው ቃል አቀባይ ለምን እንደለቀቀ ከራሱ አፍ ስማ። ከሚኒስትሩ ከምትሰማው ይልቅ እሱ ይጠቅምሃል።

ሦስተኛው ረድፍ

እሱን ማግኘት አይቸግርህም። አሁን ሥራ ስለሌለው ስልኩን ያነሣል።